አያቶቻችን የጥርስ ሳሙና ባያውቁም ስኳርም አያውቁም ነበር፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሞ ተማሪዎቼ ጋ ደረሰ፣ ከነሱም ወደኔ መጣ። ጸሐፊው እንደኛው የጎጃም ሰው ናቸው፣ አጻጻፋቸው ይጥማል፣ ያገራቸውን ነገር እንደሚወዱም ያስታውቃል፣ እሱን አከብራለሁ። ግን ስለ ወጣቶች ጥርስ የጻፉት ነገር ልጆቻችንን የሚጎዳ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለት አልቻልኩም። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፤ የጎጃም ሰው ጥርስ ድሮም ጠንካራ ነው፣ አያቶቻችን በመፋቂያ ብቻ እስከ እርጅና ቆሎ ቆርጥመዋል፣ የጥርስ ሳሙና ንግድ ነው ውስጡ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድንም መርዝ ነው፣ ማርና ሸንኮራ የተፈጥሮ ስለሆኑ ጥርስ አይጎዱም፣ ጤፍ የሚበላ ልጅ ገና እያደገ ስለሆነ ጥርሱ ራሱን ይጠግናል፣ ድድ ከደማ ብሩሹን ትቶ መነቀስ ነው፣ ጥርስ ካመመ በጭስ ትሉን ማውጣት አረቄ መያዝ ካልሆነም ማስነቀል ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የገበሬ ልጅ በብሩሽ ወጪ አይጨነቅ የሚል ነው።

እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። 9ኛ ክፍል አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ጥያቄ ስጠይቅ ቀድማ እጇን የምታወጣ ጎበዝ፣ ግን ስጠራት ደብተሯን አንስታ አፏ ላይ አድርጋ ነው የምትመልሰው። መጀመሪያ አይናፋር መስላኝ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ስታወራኝ ደብተሩን ረስታ ሳቀች፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሃላቸው ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ወዲያው ደንግጣ ሸፈነችው። ይቺው ልጅ ናት ስልኳን ይዛ መጥታ «ቲቸር ይኸ የተጻፈው እውነት ነው? እኔ እኮ ብሩሽ ልገዛ ነበር» ያለችኝ። እንግዲህ የምጽፈው ለሷ ነው፣ ለጸሐፊውም በአክብሮት።

ከአያቶቻችን ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የተገነባው እሱ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ድሮ ገጠር ውስጥ ጥርሱ ያላለቀ አዛውንት ብዙ ነበር፣ እኔም አያቴን አስታውሳታለሁ። ግን አያቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው! ስኳር እሷ ቤት የሚገባው ለእንግዳ ነው፣ እሱም በወረቀት ተጠቅልሎ ሞሰብ ሥር ተደብቆ። ብስኩት አታውቅም፣ ለስላሳ ሠርግ ላይ ብታይ ነው። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ አሬራ፣ በቃ ይኸው ነው። ጸሐፊው የአያቶቻችንን መፋቂያ አዩና የአያቶቻችንን ምግብ ዘለሉት። ደግሞስ ጥርሱ ያለቀውን ሽማግሌ ለምን አልቆጠሩትም? በየቤቱ እኮ እንጀራው በወጥ ርሶ ፍትፍት ካልሆነ የማይበላ ሰው አለ፣ እሱም መፋቂያ ይጠቀም ነበር።

ጥርስ እንዴት እንደሚበላ ጽሑፉ ውስጥ አንድም መስመር የለም፣ ስለዚ እኔ ልንገራችሁ። አፋችን ውስጥ ባክቴሪያ አለ፣ የሁላችንም አፍ ውስጥ። ጥርስ ላይ ተለጥፎ ይኖራል፣ ጠዋት ስትነሱ በምላሳችሁ ስትነኩት የሚያዳልጠው ነገር እሱ ነው። እኛ ጣፋጭ ስንበላ እሱም ይበላል፣ በልቶ አሲድ ያወጣል፣ የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ በወረደ ቁጥር አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርስ የላይኛው ሽፋን ማለትም ኢናሜሉ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ቀስ እያለ አሲዱን ይመልሰዋል፣ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ስለዚ ዋናው ጥያቄ ስንት ኪሎ ስኳር በላሁ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ አፌን አጣፈጥኩ ነው። አንድ ተማሪዬን ቀኑን አስቆጠርኩት፤ ጠዋት ሻይ በስኳር ከዳቦ ጋር፣ እረፍት ላይ ብስኩት፣ ከሰዓት ሚሪንዳ፣ ወደ ቤት ሲሄድ ከረሜላ፣ ማታ ሻይ፣ ሲያጠና ደግሞ በሶ በስኳር በጥብጦ እያማገ እስከ አምስት ሰዓት ከዚያ ዝም ብሎ መተኛት። ስድስት ጊዜ ነው! የመጨረሻው ደግሞ የከፋው ነው፣ ምክንያቱም ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ አሲዱን የሚያጥብ ነገር የለም፣ ያ በሶ መንጋጋ ላይ ተለጥፎ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። አያቴ ይኼን ኑሮ አልኖረችም። የሷን መፋቂያ ለዚህ ኑሮ በቂ ነው ማለት ልክ አይደለም።

ነገሩ ደግሞ ያዲስ አበባ ልጅ ችግር ብቻ ነው እንዳይባል ባሕር ዳርም ፍኖተ ሰላምም ተማሪዎች ላይ ጥናት ተሠርቷል፣ ባሕር ዳር ላይ ከተመረመሩት የአንደኛ ደረጃ ልጆች ከአምስቱ አንዱ ገደማ የተበላ ጥርስ ነበረው። «የጎጃም ሰው ጥርስ ድሮም ጠንካራ ነው» ሲባል እነዚህ ልጆች የጎጃም አይደሉም ማለት ነው ወይ?

መፋቂያን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው፣ እሱን መካድ አልፈልግም። የወይራም የክትክታም መፋቂያ በደንብ ከተጠቀሙበት ጥርስ ያጸዳል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ልማዱ ባለበት አገር የመፋቂያ እንጨት ጥሩ ነገር ነው ብሎ አበረታቷል። ችግሩ አጠቃቀማችን ላይ ነው። መንገድ ላይ እየሄደ የሚፍቀውን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት፣ የፊት ስድስቱን ጥርስ ከውጭ በኩል ወዲህ ወዲያ እያለ ያሻል፣ ጨረሰ። የመንጋጋው አናት፣ በምላስ በኩል ያለው ገጽ፣ በጥርስና በጥርስ መሃል ያለው አይነካም፣ የሚበላው ደግሞ እሱ ነው። ጫፉን በደንብ አኝኮ እንደ ብሩሽ ሳያላላው በደረቁ የሚፍቅ ደግሞ ድዱን ወደ ላይ እየገፋ የጥርሱን ሥር ያራቁተዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ዝም ብሎ ይጠዘጥዘዋል። እኔ መፋቂያ ጣሉ አልልም። ቀን ላይ ተጠቀሙበት፣ እርጥቡን ያዙ፣ ጫፉን በየቀኑ ቆርጣችሁ አድሱት፣ ወደ ኋላም አስገቡት። ማታ ግን ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ተጠቀሙ፣ መፋቂያው ውስጥ ያን ያህል ፍሎራይድ የለምና።

ወደ ፍሎራይዱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ልጆቹን ያስደነገጣቸው እሱ ነው። ጸሐፊው የስምጥ ሸለቆ ሰዎችን ቡናማ ጥርስ እንደ ማስረጃ አቅርበዋል። ጥርሱ እውነት ነው፣ ወንጂ፣ መቂ፣ ዝዋይ አካባቢ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ያደገ ብዙ ሰው አለ፣ ምክንያቱም እዚያ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው ጣሪያው ያለው እዚያ ግን ከዚህ በላይ ያለበት ጉድጓድ ብዙ ነው። ግን ሁለት ነገር ተደባልቆባቸዋል። አንደኛ ያ በሽታ የሚይዘው ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ያለ ሕፃን ውሃውን በየቀኑ ለዓመታት ሲጠጣ ነው፣ ከመጨረሻዋ መንጋጋ በስተቀር የቋሚ ጥርሶች አናት እስከ 8 ዓመት ገደማ ተሠርቶ ያልቃል፣ የ15 ዓመት ልጅ ጥርስ በሳሙና ቡናማ አይሆንም። ሁለተኛ ሳሙና ይተፋል እንጅ አይጠጣም። የአተር ፍሬ የምታክል ታደርጋላችሁ፣ ትቦርሻላችሁ፣ ትተፋላችሁ። መጠን ያለፈ ሁሉ ይጎዳል፣ ጨውም ይጎዳል፣ ግን ወጥ ያለ ጨው አንሠራም። ፍሎራይድ የሚሠራው ምንድነው ካላችሁ አሲዱ ማዕድኑን ከኢናሜል ሲያወጣ መልሶ እንዲገባ ያግዛል፣ የገባውም ከድሮው ይልቅ አሲድ የሚችል ይሆናል። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ መርዝ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስትገዙ ቱቦው ጀርባ ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን ነው) የሚል መኖሩን እዩ፣ በቃ፣ ስሙ ምንም ይሁን ውድ መሆን የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ቦርሻችሁ ከተፋችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ እየሞላችሁ አትጉመጥመጡ፣ የቀረችው ጥቂት ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ታድር። እኔ ይኼን ያወቅኩት ከ30 ዓመቴ በኋላ ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ በሁለት ኩባያ ውሃ አጥቤ ስጥለው ኖሬያለሁ።

ስለ ማርና ሸንኮራ። የጎጃም ማር ስም ያለው ማር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ማንም ማር አትብሉ አላለም። ግን «የተፈጥሮ ስለሆነ ጥርስ አይጎዳም» የሚለው ስህተት ነው። 100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ገደማው ስኳር ነው፣ ራሱም አሲድነት አለው፣ ያ ባክቴሪያ ደግሞ ስኳሩ ከቀፎ ይምጣ ከፋብሪካ አይጠይቅም። ሸንኮራንም «ጥርስ ያጸዳል» ብለዋል፣ መፋተጉ እውነት ነው ግን የሚፈሰው ጭማቂ እኮ ስኳር የሚሠራበት ነው! ሸንኮራ ስትበሉ ቁጭ ብላችሁ በአንዴ ብሉና ጨርሱ፣ ከዚያ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ቀኑን ሙሉ እየቆረጡ ማኘክ ነው ጉዳቱ። ለስላሳም እንደዚሁ፣ ደግሞ እሱ በሁለት በኩል ነው የሚመታው፤ አንዲት 300 ሚሊ ሊትር የኮካ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አላት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይሻላል ያለውን ብቻዋን ታልፈዋለች፣ ፒኤቿም 2.5 ገደማ ስለሆነ ባክቴሪያ ሳያስፈልግ በቀጥታ ኢናሜል ታሟሟለች። እንደጠጣችሁ ወዲያው ግን አትቦርሹ፣ የለሰለሰውን ኢናሜል በብሩሽ ማንሳት ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

«ገና የሚያድግ ልጅ ጥርሱ ይጠግናል» የሚለው ነው በጣም ያሳዘነኝ። አጥንት ሲሰበር ይጠግናል፣ ቆዳ ሲቆረጥ ይድናል። ኢናሜል ግን ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ሆኖ፣ 96 በመቶው ማዕድን ሆኖ፣ የሞተ ነገር ነው፣ የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ ሲወጣ ያልቃሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚተካ የለም። ገና ነጭ ነጠብጣብ ሳለ በፍሎራይድና በምራቅ ሊመለስ ይችላል፣ ጉድጓድ ከሆነ ግን ጤፍም ወተትም አይደፍነውም። የጤፍ ካልሲየም ለአጥንት ጥሩ ነው፣ ብሉ፣ ግን የተሠራ ጥርስ ጉድጓድ አይሞላም። እንዲያውም የአሥራዎቹ ዕድሜ የባሰ ጥንቃቄ የሚፈልግበት ምክንያት አለ። ሁለተኛዋ መንጋጋ በ12 ዓመት ገደማ ነው የምትወጣው፣ አዲስ የወጣ ጥርስ ደግሞ ኢናሜሉ ገና አልበሰለም፣ ምራቅ ውስጥ ቆይቶ ነው ማዕድን እየሰበሰበ የሚጠነክረው። እና በዚያው ሰዓት ነው ልጁ የራሱን ሳንቲም ይዞ ሱቅ መሄድ የሚጀምረው፣ እናቱም «ታጠብክ ወይ» ማለት የምታቆመው።

ድድ ሲደማ ብሩሽ ማቆም። ይኼ እውነት የሚመስል ነገር ነው፣ ሲነካ ከደማ አትንካው ያሰኛል። ግን የሚደማው ስለቦረሻችሁ ሳይሆን ስላልቦረሻችሁ ነው፣ ድድ ሥር የተጠራቀመው ቆሻሻ አስቆጥቶት ነው ያበጠው። በጉርምስና ጊዜ ሆርሞን ሲቀየር ድድ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ስለዚ ወንዱም ሴቷም 13፣ 14 ላይ ብሩሹን ደም ሲያዩት ይደነግጣሉ። ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ ጋደል አድርጋችሁ በቀስታ አዙሩ፣ ባንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ይቆማል። ካልቆመ ሐኪም ጋ ነው፣ ምናልባት የደነደነውን ማሳጠብ ያስፈልግ ይሆናል።

መነቀሱን ግን ረጋ ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም የእማየም ድድ ንቅስ ነው። ስትስቅ ያ ጥቁር ድድና ነጭ ጥርስ እንዴት እንደሚያምርባት እኔ አውቃለሁ፣ የኛ አገር ውበት ነው፣ ማንም እንዲንቀው አልፈልግም። ግን ውበት ሌላ መድኃኒት ሌላ። እማየ ራሷ የነገረችኝን ልንገራችሁ፤ ሠፈር ውስጥ አንዲት ነቃሽ ነበሩ፣ ልጃገረዶቹ ተሰልፈው በዚያው መርፌ በዚያው ጥላሸት ነበር በተራ የሚነቀሱት፣ አፏ ደም እንደሞላ ሌላዋ ትቀጥላለች። በዚያ መንገድ የጉበት ቫይረስም ኤችአይቪም ከአንዷ ወደ አንዷ ይሄዳል። በዚያ ላይ ንቅሳት የድድን በሽታ አያድንም፣ ይሸፍነዋል እንጅ፤ ጤነኛ ድድ ሲቆጣ ይቀላል፣ የጠቆረው ላይ ግን መቅላቱ አይታይም፣ በሽታው ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። የ15 ዓመት ልጅ ድዷ ደማ ተብሎ መርፌ መግባት የለበትም።

አሁን ወደ ሕመሙ። «የጥርስ ትል» የሚባል የለም። የእምቧይ ፍሬ ሲታጠን ውሃው ላይ የሚወርደው ነጭ ነገር ትል አይደለም፣ ከፍሬው ዘር ውስጥ በሙቀቱ የሚወጣ ነው፣ ጥርሱ የማያመው ሰው ቢታጠነውም ይወርዳል፣ ሞክሩትና እዩት። አረቄ አፍ ውስጥ መያዝ ድድና ጉንጭ ያቃጥላል፣ የሚያደነዝዘው ለደቂቃ ነው፣ ልጅን ደግሞ አረቄ ማስለመድ ሌላ ጣጣ። ቅርንፉድ ግን እውነት ያስታግሳል፣ ውስጡ ያለውን ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል፣ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ትንሽ ያዙት ግን ማስታገሻ ነው። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ መለጠፍም ያቆስላል፣ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም ጉድጓዱን አይዘጋውም። ጉንጭ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ወይ ምራቅ አልዋጥ ካለ ግን ያ ቀን መታደር የለበትም፣ ኢንፌክሽኑ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፣ ወዲያው ሆስፒታል።

ማስነቀሉን ጸሐፊው በአንድ መስመር ነው ያለፉት፣ እኔ ግን በዚህ ላይ ቆሜ ላውራ ምክንያቱም በራሴ የደረሰ ነው። 15 ዓመቴ ነበር፣ በግራ በኩል የታች መንጋጋዬን አመመኝ፣ ሦስት ቀን አልተኛሁም። አባቴ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ፣ ማንም ይሞላል ይታከማል ያለን የለም፣ «ይነቀል፣ የወተት ይሆናል ሌላ ይወጣል» ተባለ ተነቀለ። ሕመሙ ጠፋ፣ ደስ አለኝ፣ አባቴም ደስ አለው። ሌላ ጥርስ ግን አልወጣም፣ አይወጣምም፣ ቋሚ ነበር። አሁን ከኋላው ያለው ጥርስ ወደ ክፍቱ ቦታ ተንጋድዷል፣ ከላይ ያለው ደግሞ የሚገጥመው አጥቶ ወደ ታች ወርዷል፣ በግራ በኩል ቆሎ አልቆረጥምም፣ ሥጋ ሳኝክ እዚያው መሃል ይሰነቀራል።

የኔ ዓይነት ስህተት እንዳይደርስባችሁ ይቺን ያዙ። መስታወት ፊት ቁሙ፣ ከፊት መሃል ጀምራችሁ ወደ አንድ ጎን ቁጠሩ፤ የወተት ጥርስ ከላይም 5 ከታችም 5 ብቻ ነው በአንድ ጎን፣ በጠቅላላው 20። ስድስተኛዋ በ6 ዓመት ገደማ የወጣችው ትልቋ መንጋጋ ናት፣ የወተቶቹ ሳይወልቁ ከኋላቸው ዝም ብላ ስለምትወጣ ወላጅ የወተት ይመስለዋል፣ ግን የዕድሜ ልክ ናት። ብዙ ልጅ መጀመሪያ የሚበላበት እሷ ነች፣ ቶሎ የምትነቀለውም እሷ ነች። ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ ማስሞላት ይቻላል፣ ነርቩ ጋ ከደረሰም ነርቩ ታክሞ ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል። አንዳንዴ መንቀል ግድ ይሆናል፣ ያ ሲሆን አምኖ መቀበል ነው፣ ግን መጀመሪያ «መትረፍ አይችልም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አባቴ ያልጠየቀው ማንም መጠየቅ እንደሚቻል ስላልነገረው ነው።

ጽሑፉ ውስጥ ያልተነሱ ግን ክፍል ውስጥ በየቀኑ የማያቸው ነገሮችም አሉ። ቆርኪ በጥርስ መክፈት ለምን እንደ ጀግንነት እንደሚታይ አላውቅም፣ የፊት ጥርስ ጠርዝ ሲሸረፍ ተመልሶ አይበቅልም። ሎሚና ከሰል ደባልቆ ጥርስ ማንጻት የሚባለውም በስልክ አይተውት የሚሞክሩት አሉ፣ ሎሚው ኢናሜሉን ያለሰልሳል ከሰሉ ይፍቀዋል፣ ኢናሜል ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫ ክፍል ይታያልና ነጭ አደርጋለሁ ያለ ልጅ ይበልጥ ቢጫ ያደርገዋል።

ከሁሉም ይልቅ ግን የኳሱን ልንገራችሁ። አምና የ10ኛ ክፍል ልጆች ሲጫወቱ አንዱ በክርን ተመትቶ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ። ጓደኞቹ ደግ ናቸው፣ ጥርሱን ከአቧራው ውስጥ ፈልገው አገኙት፣ ወስደው በኦሞ አሽተው አጠቡት፣ በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሰማሁት፣ ፈትቼ ሳየው እንደ ደረቀ የበቆሎ ፍሬ ሆኗል። ያ ጥርስ ሊተርፍ ይችል ነበር! የወጣ ቋሚ ጥርስ ከአናቱ ማለትም ከነጩ በኩል ብቻ ይያዛል፣ ሥሩ አይነካም አይታሽም፣ አፈር ካለው በንጹህ ውሃ ለጥቂት ሰከንድ ይለቅለቅና ወደ ቦታው ተመልሶ ጨርቅ ነክሶ ይያዛል። መመለስ ካቃታችሁ ወተት ውስጥ ክተቱት፣ ረቡዕም አርብም ቢሆን፣ የሚጠጣ አይደለም። ወተት ከሌለ ልጁ ራሱ ጉንጩ ሥር ይያዘው። ከዚያ ባንድ ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ጋ፣ በፈጠነ ቁጥር የመዳን ዕድሉ ይጨምራል። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፣ ሥሩ ያለውን አዲሱን ይጎዳል። ለስፖርት መምህራችን ይኼን ነግሬዋለሁ፣ እናንተም ለየትምህርት ቤታችሁ ንገሩ።

አንዳንድ ልጆች ስለ ጾምም ይጠይቁኛል፣ ጠዋት ቅዳሴ የሚያስቀድስ፣ ጠበል የሚጠጣ፣ የሚቆርብ ልጅ ውሃ አፉ አያስገባም፣ ታዲያ እንዴት ይቦርሻል ነው። ዋናው የማታው ነው፣ ከእራት በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ከውሃ በስተቀር ምንም አለመቅመስ። የማታውን በደንብ ያደረገ ልጅ ጠዋት ቢያልፈው ብዙ አይጎዳም፣ የጠዋቱን ሲፈስክ ያድርገው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም አፍ ይደርቃል ይሸታልም፣ ለዚያም ማታ ምላስን ከኋላ ወደፊት በብሩሹ መጥረግ ይረዳል።

የመጨረሻው የጸሐፊው ነጥብ ድህነቱ ነው፣ እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር አልጣላም። ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ምን እንደሚመስል ኖሬበታለሁ፣ አራት ሆነን በአንዲት ክፍል፣ ቅዳሜ ገበያ አባቶቻችን በአህያ ስንቅ ይዘው ሲመጡ ድርቆሽ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ በርበሬ፣ እንጨት። ብሩሽ ከዚያ ውስጥ አልነበረም፣ ማንም ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሚያስፈልግ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። ግን ሂሳቡን እንየው፤ አንድ ብሩሽ ሦስት ወር ይሠራል፣ አንድ ቱቦ ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል እየተደረገ ለብዙ ሳምንት ይበቃል፣ አራት ልጆች አንድ ቱቦ መካፈልም ይችላሉ፣ ብሩሹን ግን በፍጹም አይዋዋሱ። የጎደለውን ለከረሜላና ለብስኩት የሚወጣው ሳንቲም ይሸፍነዋል። ጥርስ ማስሞላት ግን ከዚያ ሁሉ ይበልጣል፣ ነርቩ ጋ ከደረሰ ደግሞ ለገበሬ አባት የበግ ዋጋ ነው፣ ባሕር ዳር ወይ ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚያስኬደው ትራንስፖርትም አለ፣ ከክፍል የሚቀርበትም ቀን አለ። ስለዚ ደሃ ነውና ብሩሽ ይቅርበት ሳይሆን ደሃ ስለሆነ ነው ብሩሽ የሚያስፈልገው፣ ጥርሱ ከተበላ ማሳከሚያ የለውማ።

ያቺ ልጅ ብሩሹን ገዝታለች። የፊት ጥርሶቿ ገና ነርቭ ስላልነኩ መሞላት እንደሚችሉ የጥርስ ክፍል ያለ ባለሙያ አይቶ ነግሯታል፣ አባቷ ቅዳሜ ሲመጡ አብረናቸው ተነጋግረን ለሰኔ ቀጠሮ ይዘናል። ለጊዜው አሁንም በደብተር ሸፍና ነው የምትመልሰው።